ኦሊሳደቤ ማንን ከዳ?

ሰሞኑን እዚህ ሐዋሳ በኳስ ወዳጆች መካከል ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ የሚነበብ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው የከተማችን ልጅ ነው፤ ብዕሩ የሰላ፣ ኳስም ከልቡ የሚወድ። የጻፈው ናይጄሪያ ተወልዶ ለፖላንድ ብሔራዊ ቡድን ስለ ተጫወተው አጥቂ፣ ስለ ኢማኑኤል ኦሊሳደቤ ነው። ክሱ ሲጨመቅ ይህን ይመስላል፤ ሰውየው አገሩን ለጥቅም ሸጠ፤ ፖላንድም ዜግነት በጓሮ በር ሰጠችው፤ ያለ እርሱም ለዓለም ዋንጫ ማለፏ አይቀርም ነበር፤ የፈለገውን ካገኘ በኋላ ተኛ፤ ሕዝቡም ከልቡ አልተቀበለውም። ከዚያ ወደ እኛ ይመለስና የዋልያዎቹን ማሊያ ውጭ አገር ለተወለደ ወይም ላደገ ልጅ መስጠት ያንኑ ጥፋት መድገም ነው ሲል ይደመድማል።

ጉዳዩ ጫማውን የሰቀለ የአንድ ተጫዋች ስም ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ ባለፍኩት። ነገር ግን በተጣመመ ታሪክ ላይ የቆመው ፍርድ ነገ የሚያርፈው በእኛው ልጆች ላይ ነው። ስለዚህ ክሱን በተራ በተራ ልመልስ። አንባቢ እንዳይምታታበት የውጭውን ታሪክ ቀናትና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገራችንን ደግሞ ዓ.ም. እያልኩ በራሳችን አስቀምጣለሁ።

ከሽያጩ ልጀምር። ኦሊሳደቤ የተወለደው በታኅሣሥ 1978 በናይጄሪያዋ የነዳጅ ከተማ በዋሪ ነው። ጃስፐር ዩናይትድ ለሚባል የአገሩ ክለብ ከተጫወተ በኋላ በ1997 ወደ ዋርሶ ሄደ። የሄደውም ስሙ አውሮፓን ወዳካለለው ወደ ሌጊያ አይደለም፤ በዚያው ከተማ በሌጊያ ጥላ ሥር ወደሚኖረው ወደ ፖሎኒያ ነው። ፖሎኒያ ያን ጊዜ የሊግ ዋንጫ ካነሣ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎት ነበር፤ የመጨረሻው በ1946 ነበር። ኦሊሳደቤ ያለበት ቡድን በ2000 ሻምፒዮን ሆነና ያን ረጅም ድርቅ ሰበረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የፖላንድ ዜግነት አገኘ።

እስከዚያች ቀን ድረስ ለናይጄሪያ ዋና ቡድን አንድ ጨዋታ እንኳ አልተጫወተም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት እንዲል አንጠብቅ። ናይጄሪያ ያን ጊዜ የአጥቂ ድሀ አልነበረችም፤ እነ ካኑ፣ እነ ኢክፔባ፣ ከኋላ የሚመጣው ወጣቱ አጋሆዋ ነበሩ። ፖላንድ ሊግ ውስጥ ለሚጫወት የሃያ አንድ ዓመት ልጅ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ቦታ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ይህን ስል ናይጄሪያን መውቀሴ አይደለም፤ ብዙ ያለው ብዙ ይመርጣል። ነገር ግን ያልተመረጠ ሰው ሌላ በር ሲከፈትለት ቢገባ ክህደት የሚባለው በየትኛው ሚዛን ነው?

ጸሐፊው እዚህ ላይ ጥቅሙን ሲዘረዝር የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት ይላል። ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ፖላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል የሆነችው በግንቦት 1 ቀን 2004 ነው። በ2000 የተሰጠው የፖላንድ ፓስፖርት በአውሮፓ የዝውውር ገበያ ዛሬ ያለው ዋጋ አልነበረውም። ሰውየው የኅብረቱን ፓስፖርት ብቻ ቢያሳድድ ኖሮ ኅብረቱ ውስጥ ወዳለ አገር ሄዶ በትዕግሥት ቢቀመጥ ይሻለው ነበር። ደመወዙ ከፍ ያለው በ2001 መጀመሪያ ላይ ወደ ግሪኩ ፓናቲናይኮስ ሲዛወር ነው፤ ያንን የከፈለው ደግሞ ክለብ እንጂ የፖላንድ መንግሥት አይደለም።

ስለ ጓሮ በሩ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በጊዜው በመደበኛው መንገድ የፖላንድ ዜግነት ለማመልከት የአምስት ዓመት ነዋሪነት ይጠየቅ ነበር፤ ኦሊሳደቤ ይህን አላሟላም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የፖላንድ ሕገ መንግሥት ለፕሬዚዳንቱ ዜግነት የመስጠት ሥልጣን ይሰጣል፤ ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ክዋሽኒየቭስኪም በዚያ ሥልጣን ሰጡት። በአደባባይ የተደረገ፣ ጋዜጣ የጻፈው፣ ሕዝብ የተከራከረበት ነገር ነው። የፊፋም ደንብ ያኔ የሚጠይቀው ዜግነትን፣ ለሌላ አገር ዋና ቡድን አለመጫወትንም ነበር። ደንቡ የጠበቀው በ2004 ኳታር አገሯን ረግጠው ለማያውቁ ብራዚላውያን ማሊያዋን ልታለብስ ስትሞክር ነው፤ ያን ጊዜ የወላጅ ወይም የአያት ትውልድ አለዚያም የሁለት ዓመት ነዋሪነት ተጠየቀ፤ በ2008 ደግሞ ነዋሪነቱ ከአሥራ ስምንት ዓመት ዕድሜ በኋላ ወደ አምስት ዓመት ከፍ አለ። ጸሐፊው በ2008 ሕግ የ2000ን ሰው መክሰሱን አስተውሎት ይሆን? በዚያ ላይ ኦሊሳደቤ የኳታር ዓይነት ሰው አልነበረም። ዜግነቱ ሲሰጠው በዋርሶ ብርድ ሦስተኛ ዓመቱን እየጨረሰ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ያለ እርሱም ፖላንድ ታልፍ ነበር የሚለው አባባል በጽሑፉ ውስጥ በአንድ አንቀጽ የታለፈ ቢሆንም ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ነው። እኔም ረዘም አድርጌ የምቆየው እዚህ ነው።

ፖላንድ በ1974 እና በ1982 በዓለም ዋንጫ ሦስተኛ የወጣች አገር ናት። ከ1986ቱ የሜክሲኮ ዋንጫ በኋላ ግን በሩን አላየችውም። አሰልጣኝ ጄርዚ ኤንግል በ2000 ቡድኑን ሲረከቡ ጥሩ ግብ ጠባቂ ነበራቸው፤ በኋላ በሊቨርፑል የምናውቀው ዱዴክ። ያልነበራቸው ከተከላካይ ጀርባ ሮጦ የሚገባ አጥቂ ነው። ኦሊሳደቤ በነሐሴ 16 ቀን 2000 ቡካሬስት ላይ ከሮማኒያ ጋር በተደረገው የወዳጅነት ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ማሊያውን ለበሰ፤ ጨዋታው አንድ እኩል ሲያልቅ የፖላንድን ግብ ያገባው እርሱ ነበር።

ከዚያ ማጣሪያው መጣ። መስከረም 2 ቀን ኪየቭ፤ ሼቭቼንኮ ያለባት ዩክሬን በሜዳዋ 3 ለ 1 ተሸነፈች፤ ሁለቱ የኦሊሳደቤ ናቸው። መጋቢት 24 ቀን 2001 ኦስሎ፤ ኖርዌይ 2፣ ፖላንድ 3፤ አሁንም ሁለቱ የእርሱ። ከአራት ቀን በኋላ አርሜኒያ ላይ አንድ ጨመረ። ሰኔ ላይ ካርዲፍ፤ ዌልስ 1፣ ፖላንድ 2፤ አንዱን እርሱ አገባ። መስከረም 1 ቀን ሆዡፍ ላይ ኖርዌይ በድጋሚ 3 ለ 0 ስትሸነፍ አንድ አለው፤ የፖላንድ ማለፍ የተረጋገጠውም በዚያ ምሽት ነው። በመጨረሻው ጨዋታ ከዩክሬን ጋር አንድ እኩል ሲለያዩ የፖላንዱ ግብ የእርሱ ነበር። ድምሩ ስምንት ነው። ፖላንድ በማጣሪያው በጠቅላላ ያገባችው ሃያ አንድ ነው።

ጸሐፊው የወደደውን ሒሳብ እስቲ እኛም እንሥራው። የኦሊሳደቤን ግቦች ከውጤቶቹ ላይ እናንሣ። የኪየቩ ድል አንድ እኩል ይሆናል፤ ሁለት ነጥብ ሄደ። የኦስሎው ድል ሽንፈት ይሆናል፤ ሦስት ነጥብ ሄደ። የካርዲፉ አንድ እኩል፤ ሁለት ሄደ። የመጨረሻው የዩክሬን ጨዋታ ሽንፈት፤ አንድ ሄደ። ፖላንድ ምድቡን በ21 ነጥብ ነበር የጨረሰችው፤ ስምንት ሲቀነስ 13 ይቀራታል። ሁለተኛ የወጣችው ዩክሬን ከነበራት 17 ወደ 20 ትወጣለች፤ ቤላሩስ 15 ይዛ ፖላንድን ታልፋለች። ኳስ በቅነሳ ብቻ እንደማይሠራ አውቃለሁ፤ እርሱ ባይኖር ሌላ ሰው በቦታው ይሰለፍ ነበር፤ ያም ሰው አንድ ሁለት ማግባቱ አይቀርም። ካዉዥኒ የሚባለው አማካይ ቤላሩስ ላይ ብቻውን ሦስት አግብቷልና ቡድኑ የአንድ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ማለፏ አይቀርም ነበር ብሎ በሙሉ አፍ መናገር የሚቻለው የውጤት ሠንጠረዡን ያላየ ሰው ብቻ ነው።

በዚህ ማጣሪያ ውስጥ ጸሐፊው ያላያት፣ እኔን ግን ሁልጊዜ የምታስደንቀኝ አንዲት ቀን አለች። መጋቢት 24 ቀን 2001፣ ኦሊሳደቤ ኦስሎ ላይ ለፖላንድ ሁለት ግብ ባገባባት በዚያችው ዕለት፣ ጀርመን ሌቨርኩሰን ላይ ከአልባኒያ ጋር ትጫወት ነበር። ጨዋታው አንድ እኩል ሆኖ ሊያልቅ ሲል አንድ አዲስ ልጅ ተቀይሮ ገባና በ88ኛው ደቂቃ በጭንቅላቱ አግብቶ ጀርመንን አሸናፊ አደረገ። የመጀመሪያ ጨዋታው ነበር። ስሙ ሚሮስላቭ ክሎሰ ይባላል። የተወለደው ኦፖለ፣ ፖላንድ ውስጥ ነው፤ ያውም ኦሊሳደቤ በተወለደበት በ1978። ይህ ሰው በኋላ በዓለም ዋንጫ ታሪክ 16 ግብ አግብቶ የብራዚሉን ሮናልዶ ክብረ ወሰን ሰበረ።

እንግዲህ ፖላንድ በአንድ ቀን አንድ አጥቂ ሰጥታ አንድ ተቀበለች። ጸሐፊያችን ክሎሰን በጽሑፉ ውስጥ ጠቅሶታል፤ የሥራ ፍቅርና የትሕትና ምሳሌ አድርጎ ነው የጠቀሰው። የት እንደ ተወለደ ግን አልነገረንም። የክሎሰ ቤተሰብ የጀርመን ዘር ያለው በመሆኑ ጉዳዩ ይለያል ሊለኝ ይችላል። ይሁን፤ ልዩነቱን እቀበላለሁ። ነገር ግን ያን ጊዜ ክርክሩ ስለ ታማኝነት መሆኑ ይቀርና ስለ ዘር ይሆናል። ዘር ከሆነ መለኪያው፣ ጸሐፊው በግልጽ እንዲህ ብሎ ይጻፍና ያን ጊዜ ሌላ ምላሽ እጽፍለታለሁ።

በ2002ቱ የዓለም ዋንጫ ፖላንድ ጥሩ እንዳልነበረች የተጻፈው ትክክል ነው። በደቡብ ኮሪያ 2 ለ 0፣ በፖርቱጋል 4 ለ 0 ተሸንፋ ገና ሁለተኛው ጨዋታ ላይ ተሰናበተች። ከአሜሪካ ጋር ያለው ሦስተኛው ጨዋታ ለማለፍ የማይጠቅም ነበር። ሆኖም በሦስተኛው ደቂቃ ኦሊሳደቤ አገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ክሪሻዎቪች ደገመ፤ 3 ለ 1 አሸነፉ። ቡድኑ ከወደቀ በኋላ፣ ሁሉም ሰው ሻንጣውን እያሰበ ባለበት ሰዓት ማለት ነው። ለጥቅም ብቻ የመጣ ሰው በዚያ ጨዋታ ምን ፈልጎ ይሮጣል? በነገራችን ላይ በዚያው ዋንጫ ናይጄሪያም ከምድቧ አላለፈችም፤ በሦስት ጨዋታ ያገባችው አንድ ግብ ብቻ ነው።

ካገኘ በኋላ ተኛ የሚለው ክስ ከሁሉ ይልቅ ያስቆጣኛል። ጸሐፊው ከ2002 በኋላ ያለውን ዘመን «ጠፋ» በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ አስቀምጦታል። ዘመኑ ግን እንዲህ ነበር። በ2002 ጸደይ ፓናቲናይኮስ በሻምፒዮንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ደርሶ ባርሴሎናን በሜዳው 1 ለ 0 አሸንፎ ነበር፤ የወደቀው በመልሱ ጨዋታ ካምፕ ኑ ላይ ነው። በ2003 በዩኤፋ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ የሞሪንሆን ፖርቶ በራሱ ሜዳ 1 ለ 0 አሸነፈ፤ ያገባው ኦሊሳደቤ ነው። ያ ፖርቶ በመልሱ በተጨማሪ ሰዓት ተርፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ በዓመቱ ደግሞ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። በ2004 ፓናቲናይኮስ የግሪክን ሊግና የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ሁለቱንም አነሣ። ዓለም ዋንጫው ካለቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

የተበላሸው ጉልበቱ ነው። ኳስ የተጫወተ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም፤ ላልተጫወተ ግን ላብራራ። ኦሊሳደቤ ቁመቱ ረዝሞ በጭንቅላት የሚያስፈራ፣ ወይም ኳስ ይዞ አምስት ሰው የሚያልፍ አጥቂ አልነበረም። ሀብቱ የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት እርምጃዎች ነበሩ፤ ተከላካዩ ዞር ሳይል ጥሎት መሄድ። እንዲህ ያለ ተጫዋች ቆሞ ሲነሣ፣ ድንገት አቅጣጫ ሲቀይር፣ በአንድ እግር ሲያርፍ ጠቅላላ ክብደቱ ጉልበት ላይ ይወድቃል። ጉልበት አንዴ ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ ሰውየው መሮጥ ይችላል፤ መጫወትም ይችላል፤ ያቺ አንድ እርምጃ ግን አትመለስም። አማካይ ቢሆን ወደ ኋላ ስቦ በማስተዋል ይጫወት ነበር፤ በፍጥነት የሚኖር አጥቂ ግን የሚደበቅበት ቦታ የለውም። እዚህ ከተማ ውስጥ በሰፈር ሜዳ ያየናቸው፣ ስማቸው ከታቦር እስከ አሞራ ገደል የተጠራ፣ በጉልበት ምክንያት በሃያ ሁለት ዓመታቸው ቆመው ተመልካች የሆኑ ልጆች አሉ። ጸሐፊው አንዳንዶቹን በስም ያውቃቸዋል። ተኙ ብሎ ይጽፍባቸዋል?

ለፖላንድ የመጨረሻ ጨዋታውን ያደረገው በ2004 ነው፤ በ25 ጨዋታ 11 ግብ። በጥር 2006 ወደ እንግሊዙ ፖርትስማውዝ ሄዶ ሁለት ጨዋታ ብቻ ተሰለፈ። ከዚያ ወደ ግሪክ ተመለሰ፤ ቆጵሮስ ተጫወተ፤ ቻይና ወርዶ ለሄናን ጂያንዬ ተሰለፈ፤ ክለቡም በ2009 በአገሪቱ ሱፐር ሊግ ሦስተኛ ወጣ። የሚያኮራ የቁልቁለት ጉዞ ነው አልልም። የተኛ ሰው ግን በተጎዳ ጉልበት እስከ ቻይና ድረስ ሥራ ፍለጋ አይሄድም።

ሕዝቡ አልተቀበለውም ለሚለው ማስረጃ ተደርጎ የቀረበው በሜዳ ላይ ሙዝ የተወረወረበት መሆኑ ነው። ተወርውሯል፤ አልክድም። የዚያ ነውር ባለቤቶች ግን ወርዋሪዎቹ ናቸው። ጸሐፊው ሙዝ ወርዋሪውን ትቶ የተወረወረበትን ይጠይቃል፤ አለመፈለግህን እያወቅህ ለምን ለበስህ ይለዋል። ለምን እንደ ለበሰ የኪየቭና የኦስሎ ውጤት ይመልሳል። ፖላንድም ቢሆን ከዚያ ልምድ በኋላ በሩን አልዘጋችም፤ በ2008 ለብራዚላዊው ሮዤር ጌሬሮ በዚያው በፕሬዚዳንት ሥልጣን ዜግነት ሰጠች፤ እርሱም ኦስትሪያ ላይ ያገባት ግብ ፖላንድ በአውሮፓ ዋንጫ ታሪክ ያገባቻት የመጀመሪያዋ ግብ ሆነች። በዚያው ውድድር ፖላንድን 2 ለ 0 ያሸነፈችው ጀርመን ነበረች፤ ሁለቱንም ያገባው ፖላንድ የተወለደው ሉካስ ፖዶልስኪ ነው፤ ደስታውንም አልገለጸም።

አሁን ወደ አገራችን እንግባ፤ ጸሐፊው የደረሰበት ቦታ እርሱ ነውና። ሁለት ነገር ይላል። አንደኛው፣ የዋልያዎቹ ማሊያ የሚገባው እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ላደገ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ ከውጭ የሚመጣው ልጅ እንደ አዳነ ግርማና እንደ ሽመልስ በቀለ ያሉትን የሐዋሳ ልጆች ቦታ ይነጥቃል።

የመጀመሪያውን ጥር 1954 ዓ.ም. ላይ ወስጄ ልፈትነው። ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችበት፣ እስከ ዛሬም ብቸኛው የሆነው ድል ነው። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። ሉቺያኖ የተወለደው በ1927 ዓ.ም. አሥመራ፣ በጣሊያን ባንዲራ ሥር፣ ከጣሊያናዊ ወታደር አባትና ከኤርትራዊት እናት ነው። ወንድሙ ኢታሎም በዚያው ቡድን ውስጥ ነበር፤ በፍጻሜው ሁለቱም አግብተዋል። በጸሐፊው መለኪያ ሁለቱም ማሊያውን ባልለበሱ፤ ከአራቱ ግቦች ሁለቱ ባልገቡ። በየዓመቱ ጥር ሲመጣ የምንኮራበትን ዋንጫ ይህን መለኪያ ይዘን እንዴት እናስረዳዋለን?

ሁለተኛው መከራከሪያ የሐዋሳን ሰው ልብ እንደሚነካ አውቃለሁ። አዳነ በ2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካው የአፍሪካ ዋንጫ ሻምፒዮኗን ዛምቢያን አንድ እኩል ያስቆመውን ግብ ሲያገባ፣ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ በተመለስንበት መድረክ ላይ ነበር፤ ያን ማታ ፒያሳ ውስጥ ያልጮኸ ሰው የለም። ነገር ግን አዳነም ሽመልስም ቦታቸውን ያገኙት ተወዳዳሪ ስለ ታጠረላቸው አይደለም። ሽመልስ ግብፅ ድረስ ሄዶ ዓመታት ሲጫወት እርሱም ለግብፃውያኑ ከውጭ የመጣ ልጅ ነበር። ያን ጊዜ የአንድን ግብፃዊ ወጣት ቦታ ነጠቀ ብሎ የጻፈ የሐዋሳ ሰው አላየሁም፤ ሁላችንም ኮራን እንጂ።

ደግሞስ ይህች ከተማ ማን ሆና ነው? በሰፈራችን የታዳጊዎች ቡድን ሲመዘገብ ልጆቹ የሚሞሉትን ቅጽ ያየ ሰው ያውቀዋል። የትውልድ ቦታ በሚለው መስመር ላይ አንዱ ሶዶ፣ አንዱ ዱራሜ፣ አንዱ ዲላ፣ አንዱ ሻሸመኔ፣ አንዱ አለታ ወንዶ ብሎ ይጽፋል፤ ብእሩን ተቀባብለው በጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ነው የሚሞሉት፤ ግማሾቹ መስመሩን ባዶ ትተው ይሰጣሉ። አሰልጣኙ የሚያየው ዕድሜንና የሚጫወትበትን ቦታ ነው። ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ተጫዋቾቹ የት ተወለዱ ብለን አልጠየቅንም። ከተማና አገር እንደሚለያዩ አይጠፋኝም። ጸሐፊው ግን ማሊያ የደም ነው ብሎ ሲነሣ የት ላይ እንደሚያቆመው አይነግረንም፤ እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ ድንበር ላይ ቆሞ አያውቅም።

በዚህ ሁሉ መካከል እውነተኛው እንቅፋት ሳይነሣ ቀርቷል፤ እርሱም ሕጉ ነው። የ1996 ዓ.ም. የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ጥምር ዜግነትን አይፈቅድም። ከኢትዮጵያዊ ወላጅ ውጭ አገር ተወልዶ የዚያን አገር ዜግነት ያገኘ ልጅ፣ አካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚይዝ ካላሳወቀ በፈቃዱ እንደ ተወው ይቆጠራል። መመለስ ከፈለገም መኖሪያውን ኢትዮጵያ አድርጎ፣ የውጭውን ዜግነት ትቶ ማመልከት አለበት። በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው፣ ቢጫ ካርድ የምንለው መታወቂያ የመኖርና የመሥራት መብት ይሰጣል፤ ዜግነት ግን አይደለም፤ ፊፋ ደግሞ የሚጠይቀው ዜግነትን ነው።

ይህ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ በአንድ ልጅ እንየው። ጌዲዮን ዘላለም ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በ1997 በርሊን ተወለደ፤ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ አርሰናል ወሰደው፤ በጥር 2014 በኤፍ ኤ ካፕ ኮቨንትሪ ላይ ሲገባ ቬንገር ክለቡን ከያዙ በኋላ ተወልዶ ለአርሰናል የተሰለፈ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። ያን ሰሞን እዚህ ኳስ በሚታይባቸው ቤቶች ሁሉ ወሬው እርሱ ነበር፤ ለእኛ ይጫወት እንደሆነ እንከራከር ነበር። ጀርመን በታዳጊ ቡድኖቿ አሰልፋው ነበር፤ አሜሪካ በታኅሣሥ 2014 ዜግነት ሰጥታ፣ የፊፋን ፈቃድ ተከራክራ አግኝታ፣ በ2015 በወጣቶች የዓለም ዋንጫ አጫወተችው። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ውድድር ጉልበቱ ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላ ያ የተጠበቀው ተጫዋች አልሆነም። ሁለቱ አገሮች ሲሽቀዳደሙ እኛ ልናቀርብለት የምንችለው ነገር ያለህን ፓስፖርት ጣልና ና የሚል ብቻ ነበር። አርሰናል ለሚጫወት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ይህ ግብዣ አይባልም። ስዊድን ያደገውና ለዚያ አገር ወጣት ቡድን የተጫወተው ዋሊድ አታ ግን በመጨረሻ ማሊያችንን ለብሷል፤ ለብሶም የማንንም ቦታ አልነጠቀም፤ ተከላካይ ሲጎድለን ነው የመጣው።

ስለዚህ ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፉ ኦሊሳደቤን ትቶ ሁለት ነገር ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል። ከስዊድን፣ ከጀርመን ወይም ከአሜሪካ የሚመጣን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ትውልደ ኢትዮጵያዊ ተጫዋች፣ የያዘውን ፓስፖርት ሳይጥል ለዋልያዎቹ እንዲሰለፍ አዋጁ ይሻሻል ወይስ እንዳለ ይቆይ? ይቆይ ካለ፣ ያ ልጅ ነገ ለስዊድን ሲያገባ ከሐዋሳ ሆኖ ከሃዲ ብሎ አይጻፍበት።